መነጽሯን ያወለቀች ቀን

ኦኖቶአ ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 2003

እትዬ ካይቲ፤

ማውሪ፣ ሰላም ላንቺ! ደብዳቤሽ ዛሬ ከመርከቡ ወረደልኝ። ሳልከፍተው ደጋግሜ ስስመው ቲዮን «እንግዲህ ፖስታውን በልተሽው ልታርፊ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እንኳን ሱቫ በሰላም ገባችሁ። የልጄ ኦፕራሲዮንም እንኳን በደህና አለቀ።

መጀመሪያ ይቅርታሽን ልለምን። ስትሄዱ ባሕሩ ዳር አልወጣሁም። እርጉዝ ስለሆንኩ መራመድ አቃተኝ ብዬ በሰው አስነግሬሽ ነበር። ውሸቴን ነው፤ መራመዱን እችል ነበር። ያልቻልኩት ራኬራ ከኔ እጅ ወደ አንቺ እጅ ስታልፍ ማየቱን ነው። አሁን ግን ወልጃለሁ፤ ወንድ ነው። ገና እትብቱ ሳይቆረጥ ዓይኑን እኔ አየሁለት፣ አዋላጇ አየችለት፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተራ እየገባ አየለት። ብሌኑ ጥቁር ነው። እንደ እህቱ ነጭ ነገር የለበትም።

«ልጅሽን በመስጠትሽ ተጸጸትሽ ወይ?» ላልሽኝ፣ አልተጸጸትኩም። እዚህ ብትቀር የዓይኗ ሞራ እስከ መቃብሯ ይከተላት ነበር። ግን ቀንቻለሁ፣ ምን ልደብቅሽ። ፋሻው ሲነሳላት እፊቷ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ተሸክሜ፣ አምጬ፣ አጥብቼ፣ ልጄ ፊቴን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። የምታውቀኝ በጠረኔና በድምፄ ነው። አባቷን ደግሞ በዘፈኑ። ቲዮን ጭማቂ ሊቀዳ ኮኮናቱ ላይ ሲወጣ እንደ ወንዶቹ ሁሉ ይዘፍን አልነበር? ዛሬ ዛሬ ዝም ብሎ ወጥቶ ዝም ብሎ ይወርዳል። «ከታች ሆና የምታጨበጭብልኝ የለችም» ይላል።

ቃልሽን ግን ላስታውስሽ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መነጽር እንደሚያስፈልጋት የሰማን ጊዜ፣ በአጎታችን በኢዮቴባ ፊት «ራኬራ መነጽሯን አውልቃ ያየችሽ ቀን ያንቺ ናት፤ እስከዚያ የኔ ናት» ብለሻል። ባልሽ ከሞተ ወዲህ ቤትሽ ጭር ማለቱን ስለማውቅ ነው በሽማግሌ ፊት ያስነገርኩሽ። አትቀየሚኝ።

ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ምን አየች? እንዳትደብቂኝ።

እህትሽ ቴቦራ

ሱቫ፣ ጁን 2003

አንቺ ቅናተኛ፤

ሕፃኑ እንዴት ነው? አንቺስ ጠናሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልል። እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሎ የራኬራን ልብስ በሰውነቴ ሙቀት ማድረቅ ነው የቀረኝ።

መጀመሪያ ያየችው የኔን ፊት አይደለም። የሐኪም ቤቱን መስኮት ነው። ብርሃኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። እኔ እፊቷ ቆሜ እጄን ባወዛውዝ፣ ባጨበጭብ፣ ከቁብም አልቆጠረችኝ። መነጽሩ ተሠርቶ ሲመጣላት ነው ዞራ ያየችኝ። አየችኝና አለቀሰች። ስለዚህ ብዙም አትቅኚ።

መነጽሩ ወፍራም ነው፤ በላስቲክ ከጭንቅላቷ ጋር ታስሯል፤ ዓይኗን የጎልማሳ ዓሣ ዓይን ያስመስለዋል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፤ እሷም መልሳ ታፈጥበታለች። አንዷ ሴትዮ «ይቺ ምን ሆና ነው?» ብትለኝ «አንቺን አጥርታ ለማየት ብላ ነው» አልኳት።

ሐኪሟ ሳሊኒ ትባላለች፤ ትዕግሥተኛ ናት። ሞራውን አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገብተውላታል። ሌንሱ አያድግም። ዓይኗ ግን ያድጋል፣ ሲያድግም ወደ ኋላ ይረዝማል። ዛሬ ልክክ የሚል ሌንስ ቢያስገቡላት ነገ ልኳ አይሆንም። «ዩኒፎርም ስትገዢላት አስፍተሽ አይደል የምትገዢው?» አለችኝ። ሌንሱንም የመረጡት ወደፊት ለሚያድገው ዓይኗ ነው፤ እስከዚያ የጎደለውን መነጽር ይሞላዋል። ያለ መነጽር ሩቁም ቅርቡም ይደበዝዝባታል፤ ቅርቡ ይብሳል። እያደገች ስትሄድ የመነጽሯ ቁጥር ይቀንሳል። ይህን ስትሰሚ በደስታ እንደምትዘዪ አውቃለሁ።

አስቸጋሪው ግራ ዓይኗ ነው። ሞራው እሱ ላይ ይበረታ ስለነበር ማየት አልለመደም። ስለዚህ ቀኙን በፕላስተር እየሸፈንኩ ግራውን እንዳሠራው ታዝዣለሁ። ፕላስተሩን ሳነሳ ካየችኝ ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች። ጎትቼ ሳወጣት ትቧጭረኛለች። ሌላ ጊዜ እንዋደዳለን፤ ያኔ ግን ትጠላኛለች። አንድ ቀን እኔም አቅቶኝ አብሬያት ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ ሁለታችንም እዚያው አልቅሰን ወጣን።

ቃሌን አልረሳሁም። ደጋግመሽ አታስታውሺኝ።

ካይቲ

ኦኖቶአ፣ ኖቬምበር 2003

እትዬ፤

ደብዳቤሽን መሰብሰቢያችን ማኔአባው ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ጮክ ብዬ ሳነብ ፕላስተሩ ላይ ስደርስ ጉድ ፈላ። ደህናውን ዓይን ነው የምትሸፍኚው? ሴቶቹ ራሳቸውን ያዙ። እኔም ሳልደብቅሽ ልንገርሽ፣ ረገምኩሽ። በሕይወቷ ገና አንድ ዓይን ቢከፈትላት አንቺ መልሰሽ ትከድኚባት! ያረጋጉን አጎታችን ኢዮቴባ ናቸው። «ቀኝ እጄ የተሰበረ ጊዜ ኮኮናት መውጣት ያስተማረኝ ግራ እጄ ነው። ቀኜ ባይታሰር ኖሮ ግራዬ እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እርግማኔን አነሳሁ። ከደረሰብሽ ይቅር በይኝ።

የቁጥሩ ነገር ግን እንቅልፍ አሳጣኝ። ይቀንሳል አልሽ አይደል? ቀንሶ ቀንሶ ያልቃላ! እንግዲህ በየደብዳቤሽ ስንት እንደደረሰ ጻፊልኝ፤ ሌላ ሌላውን ብትተዪውም ግድ የለኝም። የመኝታዋን ሰሌን ጀምሬላታለሁ። ቅጠሉን አድርቄ፣ እንዳይቆረቁራት አለስልሼ ነው የምሠራው።

ከዚህ ጋር ፎቶ ልኬያለሁ። ክትባት ሊሰጡ ከመጡት አንዱ ካሜራ ይዞ ነበር። «ፈገግ በይ» ሲለኝ ደነገጥኩና ዕዳ ሊጠይቁት የመጡበት ሰው መሰልኩ። ቢሆንም እኔው ነኝ። አሳያት። የኮኮናት ዘይቱ ለፀጉሯ ነው፤ ዓይኗን አታሹባት ስላልሽ ዓይኗ ውስጥ ጠብ እንዳይል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሰው ባስነገርሽኝ ወሬ አፏን ፈታለች ብለሻል። አንቺን ምን ብላ ነው የምትጠራሽ?

ቴቦራ

ሱቫ፣ ኦገስት 2004

ቴቦርዬ፤

ስለዘገየሁ አትቆጪ። መርከቡ ታራዋ ላይ ተበላሽቶ ቆመ ሲሉን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ አሁን ደግሞ አሮጌ ሆነ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። ያን ጊዜ የጻፍኩልሽ ቁጥር ዛሬ ቁጥሯ አይደለም። ቀንሷል። መስታወቱ ሳስቷል፤ ዓይኗም ከዓሣነት ወጥቷል።

ከፎቶው በኋላ በላክሽው ደብዳቤ «እናት እንዳላት ታውቃለች ወይ?» ብለሻል። እንዴት አታውቅም? ፎቶሽን ከእጇ አትለይም። መጀመሪያ የሰጠኋት ቀን መነጽሯን እንዳደረገች አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስታገላብጠው ቆየችና «ትንሽ ናት» አለችኝ። ፎቶው እንጂ አንቺ ትንሽ እንዳልሆንሽ ባስረዳት አልገባትም። ገበያ ይዣት ስሄድ ለካሳቫ ሻጯ «እናቴ ኪሴ ውስጥ ናት» ትላታለች። ሴትዮዋ ሞተሽ መስሏት አለቀሰችልኝ። ከኔ ትረዝማለች፣ ጮሃም ናት፣ አንድ ሙሉ ዓሣ ብቻዋን ትበላለች ብላት ራኬራ ሳቀችብኝ።

ግራ ዓይኗ ተሻሽሏል። ፕላስተሩን አሁን ራሷ ነው የምትለጥፈው፤ ለአሻንጉሊቷም ትለጥፍላታለች፤ ለኔም አንድ ቀን ተኝቼ ለጥፋብኝ በዚያው በር ከፍቼ ወጣሁ።

ሌላ የጠየቅሽኝ ነገር ነበር፤ ግን ዝናቡ ሊጥል ነው፣ ልብሱን ላስገባ።

ካይቲ

ኦኖቶአ፣ ፌብሩዋሪ 2006

እትዬ ካይቲ! እትዬ ካይቲ!

በሴፕቴምበር የጻፍሽው ዛሬ ደረሰኝ። ያለ መነጽር መርከብ አየች! ወደብ ላይ ቆማ፣ በባዶ ዓይኗ፣ «ያቺ ቀይ መርከብ» አለች! ይህን አንብቤ እንደ እብድ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ቲዮን ኮኮናት ላይ ነበር፤ ከታች ሆኜ ስነግረው ዘፈነ። ከስንት ጊዜው! ድምፁ ዝጎ ነበር፤ ቢሆንም ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ለፊደልና ለቅርብ ነገር ገና መነጽር ያስፈልጋታል ያልሽውን አንብቤዋለሁ። ለሱ አትጨነቂ፤ ከእኔ ጋር ሆና ፊደሉን ምን ታደርገዋለች፣ ሲደርስ ይደርሳል። ዋናው ወልቋል። አምጪልኝ። የሚቀጥለው መርከብ እንዳያመልጥሽ። ሰሌኑን ጨርሻለሁ። አጎታችን ኢዮቴባ አሳማ መርጠውላታል፤ የሚታረደውን አሳማ እንኳ በስሟ ነው የምንጠራው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ያልመለስሽልኝን ጥያቄም ትቼዋለሁ። ምንም ብላ ትጥራሽ።

ቴቦራሽ

ሱቫ፣ ጁላይ 2006

ቴቦራ፣ የኔ እህት፤

ይህን ደብዳቤ ከማንበብሽ በፊት ብትቀመጪ ደስ ይለኛል። ለማንም ጮክ ብለሽ አታንብቢው።

ቁጥሩ ሄዶ ሄዶ ባዶ ላይ ሲደርስ የሚቆም መስሎን ነበር፤ አንቺም፣ እኔም። አልቆመም። ደስታሽን የጻፍሽበት ደብዳቤ እጄ ሲገባ አልፎ ሄዷል። ዓይኗ እያደገ ሌንሱን አለፈው። አሁን ቁጥሯ በወዲያኛው በኩል ነው፤ ቅርቡ ያለ መነጽር እየጠራላት ሩቁ እየደበዘዘባት ነው። ያቺን ቀይ መርከብ ዛሬ ብትጠይቂያት አታያትም። «ተበላሸ ማለት ነው?» ብዬ ሳሊኒን ጠየቅኳት። «አልተበላሸም፤ ያሰብነው ይህንን ነው፤ ትንሽ ፈጠነ እንጂ። ጉርምስናዋ እስኪያልፍ መነጽሯ እየተቀያየረ ይሄዳል። ጨርሶ የሚቀርበት ጊዜ ግን የለም» አለችኝ። ስለዚህ እኔና አንቺ በማይመጣ ቀን ተዋውለናል ማለት ነው። እኔ ስናገረው አላወቅኩም ነበር፤ እመኚኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርሽ። «እማ» ነው የምትለኝ። አላስተማርኳትም፤ ግን አልከለከልኳትም። አንድ ጊዜ ልከለክላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ልለምንሽ ነው። የማይመጣ ቀን ከመጠበቅ ለኔ ስጪኝ። እንደ ደንባችን፣ በማኔአባው፣ በአጎታችን በኢዮቴባ ፊት። ከአባታችን የደረሰኝን፣ የባባይ ሥራ ሥር የሚተከልበትን ጉድጓድ፣ ከነተክሉ፣ ለሷ አደርገዋለሁ። አንቺ ሌሎች ትወልጃለሽ። እኔ ከእንግዲህ ማንን እወልዳለሁ?

ካይቲ

ኦኖቶአ፣ ሴፕቴምበር 2006

ለእህቴ ለካይቲናኖ፤

ጉድጓድሽን አልፈልግም። ባባይ የምቆፍርበት መሬት አላጣሁም።

«ሌሎች ትወልጃለሽ» ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጽፊው። የሚወለዱት ሌሎች ናቸው። ራኬራ አይደሉም።

ቃሉን የተናገርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቃሉን አልለውጥም። የማይመጣ ከሆነ እጠብቀዋለሁ።

አሳማውን አርደን በላነው። ሰሌኑ ግን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ቴቦራ

ሱቫ፣ ሜይ 2007

ቴቦራ፤

ያንን ከላክሽ ወዲህ ዝም ብለሻል። ከታራዋ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «እህቴ ደብዳቤ አልሰጠችህም?» እያልኩ ሰው አሰልችቻለሁ። ያልኩት ሁሉ ይቅርብኝ። ስለ መውለዱ የጻፍኩት ክፉ ቃል ነው፤ ይቅር በይኝ።

ራኬራ ትምህርት ቤት ገባች። ሰሌዳው በመነጽር ካልሆነ አይታያትም። ቅርቡን ነገር ግን ጉንዳንም ይሁን ዛጎል መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ነው የምታየው። «በመነጽሩ የታችኛው ክፍል እዪ፤ ለዚሁ ነው የተሠራው» ብላት «ያለሱ ይሻለኛል» ትላለች። ያንቺ እልህ ነው።

ባለፈው የደሴቶችን ካርታ አስተማሯቸው መሰለኝ፣ እቤት ስትገባ «እናቴ ሩቅ ናት ወይስ ቅርብ?» ብላ ጠየቀችኝ። ፎቶው ኪሷ ውስጥ ነበር። ሩቅ ናት አልኳት። «እንግዲያው በመነጽር ነው የማያት» አለች። ያን ዕለት ሄጄ የመርከቡን ቀን ጠየቅኩ።

ዲሴምበር ትምህርት ሲዘጋ አመጣታለሁ። ልታይሽ ነው፤ ልትቀር አይደለም፤ ከወዲሁ እንስማማ። መነጽሯን በመንገድ ላይም ሆነ እዚያ ከአፍንጫዋ ንቅንቅ እንዳታደርገው አጥብቄ ነግሬያታለሁ። የባሕሩ ጨው፣ አሸዋው፣ ሌላም ሌላም አለ። ምን እያሰብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቂ።

ካይቲ

ሱቫ፣ ፌብሩዋሪ 2008

ቴቦርዬ፤

በደህና ገብቻለሁ። ቤቱን ከፍቼ ስገባ ከልማዴ «ጫማሽን አውልቂ» አልኩ። ማንም አልነበረም።

አብረን የነበርንበትን ልጽፍልሽ አይደለም፤ አንቺም ነበርሽ። አንዳንድ ያላየሽውን ብቻ ልንገርሽ።

ከመርከብ በወረድን ዕለት ለአዲስ እንግዳ ሁሉ እንደሚደረገው የባሕሩን አሸዋ ልናስቀባት ወሰድናት። አጎታችን ኢዮቴባ እርጥብ አሸዋ ዘግነው ጉንጯን ሊቀቡ ሲሉ መነጽሩ አስቸገራቸውና በገዛ እጃቸው አወለቁት። አንቺ እፊቷ ነበርሽ። ሽማግሌው ወዲያው ትዝ አላቸውና «ይኸው ወለቀ! ቃል ቃል ነው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ደሜ ፈላ። አንቺ ምን አልሽ? «ያወለቀው አሸዋው ነው። እሷ አላየችኝም። አልቆጥረውም።» ያን ጊዜ ብትቆጥሪው ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ በእልህ ልጅቷን አንጠልጥዬ በመጣሁበት መርከብ እመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ሁሉ መነጽሯ ከአፍንጫዋ አልወረደም፤ እኔ እንደ ዘበኛ ስጠብቅ ነበር። አንቺ አጠገብ ስትሄድ እየተከተልኩ «መነጽርሽ!» ስላት በራሴ አፍር ነበር። አንቺ ግን አንድም ቀን አልጠራሻትም፣ ወደ ራስሽ አልሳብሻትም። እየመጣች ታይሽ ነበር፤ እንግዳ ሰው እንደምታይ፣ ከሩቅ፣ በመስታወት።

መርከቡ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሰሌን ስትሠሪ ነበር። እሷ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ቅጠሉን ታቀብልሻለች። እኔ ከበስተኋላችሁ ነኝ። ምን እንዳየች አላውቅም። አገጭሽ ላይ ያለችው ጠባሳ ትሆናለች፣ ፎቶው ላይ የማትታየው። መነጽሯን አነሳች፤ እንዳስተማርኳት አጠፈችው፤ ወደ እኔ ዞራ ሰጠችኝ። «እማ፣ ያዢልኝ። በደንብ ላያት ነው» አለች። ያዝኩላት። ምን ላድርግ?

አፍንጫዋን አፍንጫሽ ላይ ስትጥል አንቺ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ሞኝ! አምስት ዓመት ጠብቀሽ ጨፈንሽ። ስለዚህ የሆነውን አላየሽም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይኖቿ ቀስ ብለው ከጠባሳው ወደ አፍሽ፣ ከአፍሽ ወደ ቅንድብሽ ሄዱ፤ ፊደል ስታነብ እንደምታደርገው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ኪሷን በእጇ ዳበሰች፣ ፎቶውን፣ ሳታወጣው። ከዚያ ሳቀች። ዓይንሽን የከፈትሽው ሳቋን ሰምተሽ ነው። ፊቷ እንዲያ ሲበራ በኔ ቤት አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ይህን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ግን ያንቺ ስለሆነ ላስቀርብሽ አልቻልኩም።

ቃሉን አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም አላነሳሁት። በማግሥቱ ሻንጣዬን ብቻ ይዤ ወደ መርከቡ ወረድኩ። ስሄድ ባሕሩ ዳር እንዳታወጫት የለመንኩሽ ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

መስታወቱን በጨው ውኃ እንዳታጥቢው። ዓይኗ ከቀላ፣ ብርሃን ከሸሸች ወይም አመመኝ ካለች መርከብ አትጠብቂ፤ በምክር ቤቱ ሬዲዮ አስጠሪኝ። በየዓመቱ ሳሊኒ ታያት ዘንድ ትምህርት ሲዘጋ ላኪልኝ፤ ቁጥሩ ገና ይቀየራል። ያደገችባቸው አሮጌ መነጽሮች መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ወፍራሙን አንዳንዴ እያነሳሁ በሱ አያለሁ። ምንም አይታይም።

ትጠይቃለች ወይ ስለ እኔ? እውነቱን ንገሪኝ።

ካይቲ

ኦኖቶአ፣ ሜይ 2008

እትዬ ካይቲ፤

እንዴት አለሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ጋ ዓሣው ሞልቷል፤ ዘንድሮ ፀሐዩ ጠንከር ብሏል። ራኬራ በእናትና አባቷ ቋንቋ ስድብ ሁሉ ተምራለች፤ ወንድሟ ነው ያስተማራት። ቲዮን ጠዋትና ማታ ይዘፍናል፤ አሁንማ ዝም በል የሚለው ጎረቤት በዝቷል። ዓይኗ ደህና ነው። መስታወቱን በዝናብ ውኃ ነው የማጥበው።

ሰሌኗ አጠራት፤ እግሯ ይወጣል። የሠራሁላት ያኔ ለነበረችው ልጅ ነው መሰለኝ። ሌላ ጀምሬያለሁ፤ ይሄን ሰፋ፣ ረዘም እያደረግኩት ነው።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ ልዋሽሽ ነበር። «እምብዛም አታነሳሽም» ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። አንቺ የሳቀችውን አልደበቅሽኝም፤ እኔም አልደብቅሽም።

እኔን «ቴቦራ» ነው የምትለኝ፣ አባቷ እንደሚጠራኝ። ደግ ናት፣ ታቅፈኛለች፣ ጠዋት ጠዋት ስነቃ አፍንጫዋ አፍንጫዬ ላይ ነው። አሁን አልጨፍንም። ግን «እማ» የምትለው አንቺን ነው። ይቆረቁረኛል፤ አይቆረቁረኝም ብልሽ አታምኚኝም።

እቤት ውስጥ መነጽር አታደርግም። መነጽሯ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ዛጎሏን፣ የወንድሟን ጆሮ፣ የኔን ጠባሳ፣ ሁሉንም ያለሱ ነው የምታየው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወለቀ፣ ተገላገልን ብዬ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ግን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መነጽሩን ከምሰሶው ታወርደዋለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ አድርጋው ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች። ዛሬም ታደርገዋለች። አንድ ቀን ተከትያት ወረድኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ እስኪደርስ ገብታ ቆማ ነበር።

«እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ደግሞ መነጽሩን ለምን አደረግሽው?» አልኳት።

ዞራም አላየችኝ። «አንቺ ቅርብ ነሽ» አለችኝ፤ «እማ ግን ሩቅ ናት።»

ዲሴምበር ላይ ለሳሊኒ አመጣታለሁ። ብቻዋን አልልካትም፤ እኔም እመጣለሁ፤ ቲዮን ይዘፍን፣ እኛ እንመጣለን። መርከቡ ወደቡ ሲደርስ ከፊት ለፊት ቁሚ፣ ቀዩን ቀሚስሽን ልበሺ። መነጽሯን እኔ ራሴ አደርግላታለሁ።

ታናሽሽ ቴቦራ